የላቦራቶሪው ጋዝ ከተቋረጠ በኋላ የሚወጣው ውጤት ይታመናልን?

አረቄ መርዝ ያለበት መሆኑ በመልኩ አይታወቅም። ሜታኖል የተባለው የአልኮል ዐይነት ለመጠጥ ከሚሆነው አልኮል፥ ማለት ከኤታኖል ጋር ሲቀላቀል እንደ ውሃ የጠራ ስለ ሆነ ዐይን አይለየውም፤ ምላስና አፍንጫም ጠጪውን የሚያስጠነቅቁት እምብዛም ነው። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ግን ጉበት ወደ ፎርማልዴሃይድ፥ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ይህም አሲድ የዐይንን ነርቭ ይጐዳል። 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ሜታኖል ሰውን ሊያሳውር፥ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ደግሞ ሊገድል ይችላል። ሕመሙም ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ የሚጀምር በመሆኑ፥ የጠጣው ሰው ስካር ነው ብሎ ሲተኛ መርዙ ሥራውን ይሠራል።

ይህ ጥፋት የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በቼክ ሪፑብሊክ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ተሸጦ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፥ መንግሥቱ በሴፕቴምበር ወር የጠንካራ መጠጦችን ሽያጭ በመላው አገር እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ በኢራን፥ አልኮል ከኮሮና በሽታ ያድናል የሚል ወሬ ተነዝቶ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በሜታኖል አልቀዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርዱ የሚጠበቀው ከላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪውም ለዚህ ሥራ ከሁሉ አስበልጦ የሚመካበት መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። መሣሪያው የሚሠራው ሳያቋርጥ በሚፈስ ንጹሕ ጋዝ ነው፤ ይህ ጋዝ በድንገት ሲቋረጥ በመሣሪያው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት፥ ጋዙ ከተመለሰም በኋላ የሚወጣው ውጤት የሚታመነው ምን ምን ሲደረግ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን። ምናልባት አንባቢ፥ «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የላቦራቶሪን ወረቀት ተቀብሎ ሱቅ የሚያሽግ፥ ነጋዴ የሚከስ ወይም መጠጡን ያለ ሥጋት የሚጠጣ ባለሙያው ሳይሆን ሕዝቡና ሹሙ ስለ ሆነ፥ ወረቀቱ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ክሮማቶግራፊ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በቀለም መጻፍ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሚኻይል ጽቬት የተባለ ሩስያዊ የዕፀዋት ሊቅ ሲሆን፥ የቅጠልን ጭማቂ በኖራ ድንጋይ ዱቄት በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ቢያሳልፈው አረንጓዴውና ብጫው ቀለም ተለያይተው በየደረጃቸው ታዩት። ይህንንም በ1903 ዓ.ም. በዋርሶ ከተማ በንግግር ገለጸ፤ በ1906 ዓ.ም. ዘዴውን በዚህ ስም ጠራው። ጽቬት የሚለው የራሱ ስም በሩስኛ ቀለም ማለት መሆኑን ስናስብ ስሙን ከግሪክኛ ብቻ ማውጣቱን እንጠራጠራለን። በፈሳሽ ፈንታ ጋዝ ተሸካሚ እንዲሆን ያደረጉት ግን አርቸር ማርቲንና አንቶኒ ጄምስ የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ሥራቸውን ያወጡት በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፥ ማርቲን በዚያው ዓመት ስለ ቀድሞው የክሮማቶግራፊ ሥራው ከሪቻርድ ሲንጅ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል።

መምህራን ነገሩን በክፍል ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ሊያሳዩት ይችላሉ። ከማጣሪያ ወረቀት ረዘም ያለ ቁራጭ ቈርጦ፥ ከግርጌው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በውሃ ከሚሟሟ ጥቁር የጽሕፈት ቀለም አንዲት ነጥብ አድርጎ፥ ነጥቡ ሳይነከር የወረቀቱን ጫፍ ብቻ ከውሃ ማስነካት ነው። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል፤ ጥቁር መስሎ የታየውም ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ፥ ወደ ቀይና ወደ ብጫ ይከፋፈላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ወረቀት በዚሁ አኳኋን ተዘጋጅቶ መንገዱ ሳይጋመስ ከውሃው ቢወጣ፥ ቀለሞቹ በደንብ ሳይለያዩ እርስ በርሳቸው ተደበላልቀው ይቀራሉ። ተሸካሚው ሲቋረጥ የሚሆነውን ተማሪው በዐይኑ አየ ማለት ነው።

በጋዝ የሚሠራውንም መሣሪያ ለመረዳት ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችን እናስብ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ መንገዳቸውም አንድ ነው። በመንገዱ ዳር ዘመድ የሌለው ሳይቆም ያልፋል፤ ዘመድ የበዛበት ግን በየደጁ እየቆመ ሰላምታ ሲለዋወጥ ይዘገያል። በመንገዱ መጨረሻ የቆመ ዘበኛ ማን በስንት ሰዓት እንደ ደረሰ ቢጽፍ፥ የእያንዳንዱን ማንነት ከመድረሻ ሰዓቱ ሊያውቅ ይችላል። በመሣሪያው ውስጥ መንገዱ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፥ የውስጡ ስፋት ግን የሚሊ ሜትር ሩብ ብቻ የሆነ፥ ተጠቅልሎ በምድጃ ውስጥ የተቀመጠ ቀጭን ቱቦ ነው። የቱቦው ውስጥ ከሚሊ ሜትር ሺሕኛ ክፍል ባነሰ ስስ ሽፋን የተቀባ ነው፤ መጠጥ ለሚመረመርበት ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰም የመሰለ ሽፋን ነው። ዘመዶቹ የተባሉትም ይህ ሽፋን ነው። ዘበኛው ደግሞ በሃይድሮጅንና በአየር የሚነድ አንድ ትንሽ ነበልባል ሲሆን፥ ካርቦን ያለበት ነገር ሲደርስበት የሚፈጠረው ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኀይል በግራፍ ላይ ጕብታ ሆኖ ይጻፋል። የጕብታው ሰዓት ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ የጕብታው ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ ይናገራል።

ተሸካሚ ጋዝ የሚባለው ሂሊየም፥ ናይትሮጅን ወይም ሃይድሮጅን ነው። እንደ አጋሰስ ጭነቱን ተሸክሞ ያደርሳል እንጂ ከናሙናው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ንጽሕናውም ከመቶ 99.999 እጅ እንዲሆን ይፈለጋል።

እንግዲህ ምሳሌው እዚህ ላይ ይለያያል። አጋሰስ በመንገድ ቢሞት ጭነቱ ባለበት ይቀራል እንጂ መንገዱ አይበላሽም፤ በዚህ መሣሪያ ግን መንገዱ ራሱ ይበላሻል። ባለሙያው ዓርብ ማታ 40 ናሙና ደርድሮ፥ መሣሪያው ሌሊቱን ብቻውን እንዲሠራ ትቶት ወደ ቤቱ ሄደ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሲሊንደሩ ጋዝ አለቀ። ምድጃው ግን 200 ዲግሪ ያህል ግሎ ይጠብቃል። በቱቦው ውስጥ የሚገፋ ጋዝ ስለ ሌለ አየር ቀስ እያለ በየመጋጠሚያው ይገባል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም የጋለውን ስስ ሽፋን ያቃጥለዋል፥ ይሰባብረዋልም። ሰም የመሰለው ሽፋን ከሌሎቹ ይልቅ ኦክሲጅንን አይችልም። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ግፊቱ ሲወድቅ ምድጃቸውን ራሳቸው ያጠፋሉ፤ በእጅ በሚዞር ቧንቧ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ግን እስኪነጋ ይነዳሉ።

ቅዳሜ ጧት ባለሙያው አዲስ ሲሊንደር ቢገጥም መሣሪያው ይነሣል፤ ግራፍም ይጽፋል። አደገኛው ነገር ይህ ነው። ፈጽሞ የቆመ መሣሪያ ማንንም አያሳስትም፤ የተጐዳው መሣሪያ ግን እንደ ጤነኛው ቍጥር ይሰጣል። የሽፋኑ ስባሪ ሳያቋርጥ ወደ ነበልባሉ ስለሚደርስ የግራፉ መነሻ መስመር ከፍ ይላል፥ ይንቀጠቀጣልም፤ ቀጥ ብለው ይወርዱ የነበሩት ጕብታዎች ጅራት ያወጣሉ፤ ሽፋኑ ስለ ሳሳም እያንዳንዱ ነገር ከቀድሞው ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ ባልተጠበቀ ቦታም ባለቤት የሌላቸው ጕብታዎች ይታያሉ።

በአረቄ ምርመራ ይህ መዛባት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በአንድ ነገር ላይ ጠለቅ ብለን እንመልከት። በእርሾ ከተብላላ መጠጥ በሚወጣ አረቄ ውስጥ ኤቲል አሲቴት የተባለ፥ ፍሬ ፍሬ የሚሸት ነገር በጥቂቱ ይገኛል። በሰም መሰሉ ቱቦ ውስጥ ይህ ነገርና ሜታኖል እጅግ ተቀራርበው ይወጣሉ፤ ጤነኛ ቱቦ ይለያቸዋል፥ የተጐዳ ቱቦ ግን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ ዳኛው የቱን በደል እንደሚፈጽም አያውቅም። የኤቲል አሲቴቱ ጕብታ በሜታኖል ስም ቢቈጠር ጥፋት የሌለባት ጠማቂ መርዝ ሸጠሻል ተብላ ትከሰሳለች። የሜታኖሉ ጕብታ ደግሞ በጅራቱ ተዘርግቶ ወይም በሌላው ሥር ተሰውሮ ቢያንስ፥ መርዛሙ ጠርሙስ ደኅና ነው ተብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ደግሞም ጥያቄው ሜታኖል አለ ወይስ የለም የሚል ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ያሻል። በተለይ ከፍራፍሬ በሚወጣ አረቄ ውስጥ፥ ከፍሬው ፔክቲን የተነሣ ጥቂት ሜታኖል በተፈጥሮ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከፍራፍሬ ለሚወጣ አረቄ በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል እስከ 1000 ግራም ድረስ የሚፈቅደው ስለዚህ ነው። ፍርዱ በመጠን ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ የጕብታው ስፋት ሲዛባ ፍርዱም ይዛባል።

ጋዝ መቋረጡ ሲታወቅ መጀመሪያ የሚደረገው አዲስ ሲሊንደር ለማምጣት መሮጥ ሳይሆን ምድጃውን ማቀዝቀዝ ነው። ቱቦው በጋለበት ጊዜ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ጉዳቱን ያብሰዋል፤ በጋለው ላይ ጋዝ መልቀቅም በውስጡ ካለው ኦክሲጅን አያድነውም። ተሸካሚው ሃይድሮጅን ከሆነ ደግሞ ሌላም ሥጋት አለ፤ ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከመቶ 4 እጅ ጀምሮ ሲቀላቀል የሚፈነዳ ስለ ሆነ፥ ምድጃው ጠፍቶ፥ በሩ ተከፍቶ፥ ክፍሉ አየር ሳያገኝ ማንም ሰው ምንም መሞከር የለበትም።

ምድጃው ሲቀዘቅዝ የሚቀጥለው ጥያቄ፥ ጋዙ በእውነት በሥራ አለቀ ወይስ ፈሰሰ? የሚለው ነው። ይህን በሒሳብ ማወቅ ይቻላል፤ የሒሳብ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ሊሰጡት የሚገባ ጥሩ ጥያቄ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ፥ በተለመደው የአየር ግፊት ቢለካ ወደ 9000 ሊትር የሚጠጋ ሂሊየም ይሰጣል። መሣሪያው በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ቢያወጣ በቀን 72 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሲሊንደር ለ125 ቀን ያህል፥ ማለት ለአራት ወር ሊበቃ ይገባዋል። በሦስት ሳምንት ካለቀ አንድ መሣሪያ ብቻውን አልጨረሰውም፤ የሆነ ቦታ ሽንቁር አለ። ሽንቁሩ ሳይደፈን አዲስ ሲሊንደር መግጠም በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ከዚህም የከፋው፥ ጋዝ በሚወጣበት ረቂቅ ሽንቁር አየርም በአንጻሩ እየተሰረበ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ ጋዙ ባያልቅም እንኳ ቱቦው ቀስ በቀስ ይበላል።

በቤታችን የምግብ ማብሰያውን ቡታ ጋዝ በሳሙና አረፋ እንፈትሻለን፤ መልካም ዘዴ ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ ግን የሳሙና ውሃ በሽንቁሩ ገብቶ ቱቦውንና ነበልባሉን ስለሚያቆሽሽ አይፈቀድም። ባለሙያዎች ከአየር የተለየ ጋዝ ሲያገኝ የሚጮኽ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አላቸው፤ እርሱ ከሌለ የሲሊንደሩን ቧንቧ ዘግቶ፥ የመሣሪያውንም መግቢያ ዘግቶ፥ የግፊት መለኪያው መርፌ ለግማሽ ሰዓት ይወርድ እንደ ሆነ መጠበቅ ነው። በብዛት የሚያፈሰው መርፌ የሚወጋው የላስቲክ ክዳን ነው፤ ብዙ ጊዜ ተወግቶ ይቀደዳል። ዋጋው ጥቂት፥ መለወጡም የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን ብዙ ላቦራቶሪ የሚጐዳው በእርሱ ነው።

አዲሱ ሲሊንደር ሲገጠም በግፊት መቆጣጠሪያውና በመስመሩ ውስጥ ያደረው አየር ወደ ቱቦው እንዳይነዳ፥ ጋዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልቶ ወደ ውጭ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። በመስመሩ ላይ ያሉት የኦክሲጅንና የእርጥበት ማጣሪያዎችም ይታያሉ፤ አብዛኞቹ ሲጠግቡ ቀለማቸውን ስለሚለውጡ ማየት ብቻ ይበቃል። የሲሊንደሩንም ጽሑፍ ማንበብ አይዘንጋ፤ ሲሊንደሮች በመልክ ይመሳሰላሉ።

ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው፤ ችኮላ የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ምድጃው ቀዝቃዛ እንደ ሆነ ጋዙ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በቱቦው ውስጥ ያልፍ ዘንድ ይተዋል፤ የቀረው ኦክሲጅን የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚያ ከቱቦው ራስ ግማሽ ሜትር ያህል ይቈረጣል፤ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው ያ ክፍል ነውና። ቀጥሎም ምድጃው ቀስ እያለ፥ ለቱቦው ከተወሰነው ሙቀት ሳያልፍ፥ ይጋላል፤ የሽፋኑ ስባሪ እንዳያቆሽሸው የቱቦው ጅራት ከነበልባሉ ተፈትቶ ይቈያል። ነገር ግን ተሸካሚው ሃይድሮጅን ከሆነ ቱቦውን ፈትቶ በምድጃ ውስጥ ማስተንፈስ ፍንዳታ መጥራት ስለ ሆነ በፍጹም አይደረግም። አንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መስመሩ ከረጋ፥ ነበልባሉ ይለኰሳል። መለኰሱን ለማወቅ የሚያብለጨልጭ ቀዝቃዛ ብረት ከአፉ በላይ መያዝ ነው፤ ሃይድሮጅን ሲነድ ውሃ ስለሚሆን ብረቱ ጉም ይለብሳል።

ታዲያ መሣሪያው ዳነ የሚባለው መቼ ነው? መስመሩ ስለ ረጋ ብቻ አይባልም። መጀመሪያ ሜታኖል የሌለበት ባዶ ናሙና ይገባል፤ በሜታኖል ሰዓት ምንም ጕብታ መታየት የለበትም። ቀጥሎ ባለሙያው በገዛ እጁ መዝኖ ያዘጋጀው፥ ሜታኖሉና ኤቲል አሲቴቱ መጠናቸው የታወቀ ናሙና ደጋግሞ ይገባል፤ ሰዓቱ፥ የጕብታው ቅርጽና ስፋቱ ጋዙ ሳይቋረጥ ከተጻፈው ግራፍ ጋር ጐን ለጐን ይነጻጸራል። ሁለቱ ጕብታዎች እንደ ቀድሞው ከተለያዩ ሥራው ይቀጥላል። ካልተለያዩ ቱቦው ሞቷል፤ ዋጋው በመቶ የሚቈጠር የአሜሪካ ዶላር ቢሆንም ሌላ መግዛት ግድ ነው። በእኛ አስተያየት፥ አለቃ «ትንሽ ቢያዛባም ይሠራል» ብሎ የሚያስቀጥለው ቱቦ ከማንኛውም ቱቦ ይልቅ ውድ ነው።

በዚያች ሌሊት የተጻፉትስ ግራፎች? ጥንቁቅ ባለሙያ በየዐሥሩ ናሙና መካከል የታወቀውን ናሙና ያስገባል። ጋዙ መቼ መድከም እንደ ጀመረ በትክክል ባይታወቅ እንኳ፥ የታወቀው ናሙና ለመጨረሻ ጊዜ በትክክል ከተነበበበት ወዲህ ያለው ውጤት ሁሉ ተሰርዞ ናሙናዎቹ እንደ ገና ይመረመራሉ። ውጤት የተሰጠው መምህር፥ የቀበሌ ሹም ወይም ነጋዴም፥ «የታወቀው ናሙና ከኔ ናሙና በፊትና በኋላ ተነብቧልን? ግራፉስ ተቀምጧልን?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም፤ ደኅና ላቦራቶሪ በዚህ ጥያቄ ይደሰታል እንጂ አይቈጣም።

ሲሊንደሩን ፈጽሞ እስኪያልቅ አለመጠበቅ ከሁሉ ይቀላል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ግፊቱ ወደ 20 ባር ሲወርድ ይለውጡታል፤ አንዳንዶችም ሁለት ሲሊንደር አጣምረው አንዱ ሲደክም ሌላው በራሱ እንዲከፈት ያደርጋሉ። ሌላው ቢቀር ዘወትር ማታ ከመውጣት በፊት የመርፌውን ቍጥር በመዝገብ መጻፍ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሂሊየም የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ሲሆን የሚያወጡት አገሮች ጥቂቶች ናቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ጐረቤቶቿ ቀጠርን በዘጉባት ጊዜ የብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ተጨንቀው ነበር። ስለዚህ የሚለወጠው ሲሊንደር በደጅ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

መሣሪያው በሚታከምበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ናሙናዎቹ እንዳይበላሹ፥ አልኮል በቀላሉ ስለሚተን፥ ጠርሙሶቹ እስከ አንገታቸው ሞልተው፥ ክዳናቸው ጠብቆ፥ የተወሰዱበት ቦታና ቀን ተጽፎባቸው በማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ። የተጠረጠረው መጠጥ ሽያጭም ውጤቱ እስኪመጣ ይቆማል። ነገር ግን ከዚያ መጠጥ ቀምሶ ዐይኑ የደበዘዘበት ወይም ጭጋግ የመሰለ ነገር የሚያይ፥ ሆዱን የሚያመው፥ የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሹ የሚፈጥንበት ሰው የላቦራቶሪውን ወረቀት አይጠብቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ሐኪሙ መርዙ ወደ አሲድ እንዳይለወጥ የሚያግድ መድኃኒት ሊሰጠው፥ ደሙንም በመሣሪያ ሊያጥብለት ይችላልና። ከጠርሙሱ የተረፈውንም መጠጥ ሳይደፉ አብሮ መውሰድ ነው።